የደም ምስክርነት፤ ስለ ጡት ነቀርሳ ለእመቤቶች የተሰጠ ምክር

እናት የቤት ምሰሶ መሆኗን የማያውቅ የለም። ዳሩ ግን የቤቱን ምሰሶ ምስጥ እንዳይበላው ዘወትር እየጎበኘን ሳለ፤ እናቲቱን ምን እንዳመማት የምንጠይቃት ከተኛች በኋላ ነው። እርሷም ራሷ ላሟ ወተት ብትቀንስ፤ በጎተራ ያለው ማሽላ ቢነቅዝ፤ ልጅዋ በሌሊት ቢያስል ወዲያው ታውቃለች፤ በገዛ ሰውነቷ ላይ የወጣውን እብጠት ግን «አያመኝምና ግድ የለም» እያለች ወራት ታሳልፋለች። ስለዚህ ዛሬ በዚህ የቤተ ሰብ ገጽ ስለ ጡት ነቀርሳ፤ ይልቁንም የታመመችው ሴት ደም ስለ በሽታው አካሄድ ለሐኪም ምን እንደሚመሰክር ጥቂት ቃል ለመጻፍ አስበናል። በጽሑፋችን ውስጥ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢዎቻችን ይወቁልን።

ይህን ስንጽፍ በተለይ የምናስበው የቀወትን ወረዳ ነው። ከአዲስ አበባ በደሴ መንገድ ተነሥቶ፤ ደብረ ብርሃንን አልፎ፤ በጣርማ በር ዋሻ ሾልኮ፤ የደብረ ሲናን ቁልቁለት የወረደ መንገደኛ 225 ኪሎ ሜትር ያህል እንደ ተጓዘ ሸዋ ሮቢትን ያገኛታል። በደጋ የደረበውንም ልብስ እዚያ ሲደርስ ያወልቀዋል፤ የይፋት ቆላ ሙቀቱ የታወቀ ነውና። አገሩ ማሽላና ማሾ፤ ሽንኩርትም የሚያበቅል፤ አማራው፤ አርጎባውና አፋሩ በገበያ የሚገናኙበት መልካም አገር ነው። ነገር ግን ሙቀትና ውኃ በተገናኙበት ስፍራ ወባ አይታጣምና፤ ጣቱን ተወግቶ ደሙን ያላስመረመረ ሰው የሌለበት ቤት በዚያ ጥቂት ነው።

ከዚህም የተነሣ የቆላ ሰው በደም ምርመራ ላይ ትልቅ እምነት አለው። ይህ እምነት ለወባ የተገባ ነው፤ የወባው ተውሳክ በደም ውስጥ ይገኛልና። ለጡት ነቀርሳ የሆነ እንደ ሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ጡቷ ላይ እብጠት ያገኘች ሴት «ባለፈው ወር ደሜን አይተው ደኅና ነሽ ብለውኛል» ብላ ትጽናና ይሆናል፤ ይህም መጽናናት ሕይወቷን ሊያስከፍላት ይችላል። እንግዲህ ሁለት ጥያቄዎችን ለይተን ማየት ይገባናል። አንደኛው፤ ደም ቢመረመር የጡት ነቀርሳ መኖሩና አለመኖሩ ይታወቃልን? የሚል ነው። ሁለተኛው፤ በሽታው መኖሩ ከታወቀ በኋላ ደም ስለ መዳንና ስለ አለመዳን የሚናገረው ነገር አለን? የሚል ነው።

የመጀመሪያው ጥያቄ መልስ አጭር ነው፤ አይታወቅም። ዛሬ በጤና ጣቢያና በሆስፒታል የሚደረገው የተለመደው የደም ቈጠራ የጡትን ነቀርሳ ፈልጎ የሚያገኝ አይደለም። ነቀርሳ መሆኑ የሚረጋገጠው ሐኪም እብጠቱን በእጁ ዳስሶ፤ በመሣሪያ አይቶ፤ በኋላም በመርፌ ከእብጠቱ ጥቂት ወስዶ በማይክሮስኮፕ ሲመረምር ብቻ ነው። ስለዚህ የደም ወረቀት ንጹሕ ሆኖ፤ ጡት ግን የታመመ ሊሆን ይችላል። ከዚህ ጽሑፍ አንዲት ቃል ብቻ የምታስታውስ አንባቢ ብትኖር ይህችን ታስታውስልን።

የሁለተኛው ጥያቄ መልስ ግን ሰፋ ያለ ነው። በደማችን ውስጥ ቀይ ከሆኑት ሕዋሳት ሌላ ሰውነትን የሚጠብቁ ነጭ ሕዋሳት አሉ። በ1882 መችኒኮቭ የተባለው የሩሲያ ሊቅ በጣልያን አገር በመሲና ሳለ፤ እንደ መስተዋት ጥርት ባለው በባሕር ኮከብ እጭ ሥጋ ውስጥ የጽጌረዳ እሾህ ሰካበት። በማግሥቱም ቢመለከት ተንቀሳቃሽ ሕዋሳት እሾሁን ከብበው አገኛቸው። ኤርሊኽ የተባለው የጀርመን ሊቅ ደግሞ ነጮቹን ሕዋሳት በቀለም እየነከረ በየወገናቸው እንዲለዩ አደረገ። ሁለቱም በ1908 የኖቤልን ሽልማት በአንድነት ተቀበሉ። ከእነርሱም አስቀድሞ በ1863 ቪርኾ የተባለው የጀርመን ሐኪም ነጭ ሕዋሳት በእብጠት ሥጋ ውስጥ እንደሚገኙ ተመልክቶ፤ በቍጣና በነቀርሳ መካከል ዝምድና ሳይኖር እንደማይቀር ተናግሮ ነበር። ቍጣ ስንል ቁስል ሲያመረቅዝ የሚታየውን የሥጋ መቅላትና መጋል ማለታችን ነው።

ከነጮቹ ሕዋሳት ለዛሬው ነገራችን የሚያስፈልጉን ሁለት ወገኖች ናቸው። አንደኞቹ ኒውትሮፊል ይባላሉ፤ እነዚህ ጠላት ገባ በተባለበት ስፍራ ሁሉ ቀድመው የሚደርሱ ፈጥኖ ደራሾች ናቸው። ሁለተኞቹ ሊምፎሳይት ይባላሉ፤ እነዚህ ደግሞ ጠላትን በመልኩ ለይተው የሚያውቁ ሲሆኑ፤ ከእነርሱም አንዳንዶቹ የነቀርሳን ሕዋስ ፈልገው የሚገድሉ ናቸው። ነቀርሳ ግን ተንኰለኛ በሽታ ነው። ኒውትሮፊሎችን ወደ ራሱ ጠርቶ ለጥቅሙ ያሠራቸዋል፤ ከሚያመነጩትም ነገር የተነሣ ለእብጠቱ ደም የሚያመጡ አዳዲስ ሥሮች ያድጋሉ፤ የሊምፎሳይቶችም ኀይል ይደክማል። ጎረቤቱን በጩኸት አስነሥቶ በግርግሩ መካከል ጎተራውን እንደሚዘርፍ ሌባ ነው ማለት ይቻላል።

ስለዚህ ሐኪሞች የሁለቱን ወገኖች ብዛት ማስተያየት ጀመሩ። ሒሳቡ ልጅ የሚሠራው ነው፤ የኒውትሮፊሉን ቍጥር ለሊምፎሳይቱ ቍጥር ማካፈል ብቻ ነው። ከመቶ ነጭ ሕዋሳት 60ው ኒውትሮፊል፤ 30ው ሊምፎሳይት ቢሆኑ ድርሻው 2 ነው። 75ና 15 ቢሆኑ ግን ድርሻው 5 ይሆናል። ለዚህም ውድ መሣሪያ የግድ አያስፈልግም። በሸዋ ሮቢት ወባን ለመፈለግ በመስተዋት ላይ የሚቀባው ስስ ደም በጊምሳ ቀለም ሲነከር፤ ነጮቹ ሕዋሳትም በየመልካቸው ተለይተው በዚያው ማይክሮስኮፕ ይታያሉ። ለአንዱ በሽታ የተገዛው መሣሪያ ለሌላውም ያገለግላል ማለት ነው።

ይህ ድርሻ ስለ በሽታው አካሄድ የሚናገረው ነገር እንዳለ በብዙ አገር ተመርምሯል። በ2017 የታተመ አንድ ጽሑፍ 15 ጥናቶችንና 8,563 የጡት ነቀርሳ ሕሙማንን አንድ ላይ አድርጎ መዝኖ ነበር። የኒውትሮፊሉ ድርሻ ከተወሰነው መስመር በላይ የሆነባቸው ሕሙማን የመሞት አደጋቸው፤ ከመስመሩ በታች ከነበሩት ጋር ሲተያይ፤ 2.56 እጥፍ ሆኖ ተገኘ። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ነገር ግን አስተዋይ አንባቢ «መስመሩ የቱ ላይ ነው?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ነገሩም የሚያስቸግረው እዚህ ላይ ነው፤ አንዱ ጥናት መስመሩን በ1.9 ላይ ሲያሰምር፤ ሌላው በ5 ላይ አስምሮታልና። ቁና በየገበያው የተለያየ በሆነበት አገር እህል የሚሸምት ሰው፤ የቁናውን ቍጥር ብቻ ሰምቶ ዋጋውን ሊፈርድ አይችልም።

በቆላ አገር ደግሞ የዚህ ድርሻ ቍጥር የሚዛባበት ምክንያት ብዙ ነው። ወባ በሰው ላይ በተነሣበት ሰሞን ሊምፎሳይቶች ከደም ውስጥ ይቀንሳሉ፤ ድርሻውም ነቀርሳው ሳይብስ ከፍ ይላል። የቢልሃርዚያና የሌሎች ትሎች ሕመም ኢዮሲኖፊል የሚባሉትን ሌሎች ነጭ ሕዋሳት አብዝቶ የመቶውን ድልድል ይለውጠዋል። ያመረቀዘ ቁስል፤ እርግዝና፤ እንደ ዴክሳሜታዞን ያለ መድኃኒትም የኒውትሮፊሉን ቍጥር ከፍ ያደርጉታል። ስለዚህ ሕመምተኛይቱ ሐኪሟ ዘንድ በቀረበች ጊዜ በቅርቡ ወባ ይዟት እንደ ነበረ፤ ምን መድኃኒት እንደ ወሰደች፤ አርግዛም እንደ ሆነ ሳትደብቅ መንገር ይገባታል። ሐኪሙም በትኩሳት ቀን የተቈጠረውን ደም የነቀርሳ ምስክር አድርጎ አይቀበለውም።

ከዚህም የበለጠ ልናስብበት የሚገባ አንድ ነገር አለ። የውጭ አገር ሰው የሚዛን ልክ ለእኛ ሁልጊዜ ልክ አይሆንም። በኢትዮጵያና በኔዘርላንድ ትብብር ስለ ኤይድስ ይመራመሩ የነበሩ ሊቃውንት በ1999 ባሳተሙት ጽሑፍ፤ 485 ጤነኛ ኢትዮጵያውያንን መርምረው፤ ከእነርሱም መካከል ተመርጠው በታዩት ሰዎች ደም ውስጥ ሲዲ4 የሚባሉት የሊምፎሳይት ወገኖች ከኔዘርላንድ ሰዎች ያነሱ መሆናቸውን አሳይተዋል። ሰዎቹ ጤነኞች ናቸው፤ የተለየው ልኩ ነው። በአፍሪካም ብዙ ሕዝብ ዘንድ በቀይ ሕዋሳት ላይ ዱፊ የሚባለው ምልክት ሳይኖራቸው የሚወለዱ ሰዎች አሉ። ይህ የትውልድ ጠባይ ቫይቫክስ ከተባለው የወባ ዐይነት በብዙ ይከላከላል፤ ከእርሱም ጋር የኒውትሮፊሉ ቍጥር ያለ አንዳች ሕመም ዝቅ ያለ ይሆናል። የእንዲህ ያለች ሴት ድርሻ ከጥንቱ ዝቅተኛ ነውና፤ በሌላ አገር ሰው መስመር ብትለካ በሽታዋ የበረታ ሳለ ቍጥሯ የጸጥታ መስሎ ሊታይ ይችላል። ስለዚህ ለአገራችን ሴቶች የሚሆነው መስመር በአገራችን ሴቶች ደም ተለክቶ መሰመር አለበት። ይህ ሥራ የሊቃውንቶቻችን ዕዳ ነው ብለን እናምናለን።

እንግዲህ የሴቲቱን ዕድል ከሁሉ ይልቅ የሚወስነው ምንድር ነው? ያልን እንደ ሆነ፤ በሽታው ምን ያህል ሳይስፋፋ ተደረሰበት የሚለው ነው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል፤ በጥቁር አንበሳ፤ ከ2005 እስከ 2010 የታከሙ 1,070 ሴቶች ታሪክ ተጽፎ በ2014 ታትሟል። በአንደኛና በሁለተኛ ደረጃ ላይ ሳሉ ከመጡት ውስጥ በሽታው ወደ ሌላ አካል ሳይዛመትባቸው አምስት ዓመት ያልፋሉ ተብለው የተገመቱት ከመቶው 72 ነበሩ። በሦስተኛ ደረጃ ላይ ከመጡት ግን 33 ብቻ ነበሩ። ሆስፒታሉ አንድ ነው፤ ሕመሙም አንድ ነው፤ ልዩነቱ የመጡበት ጊዜ ነው። የእነዚህም ሴቶች የዕድሜ መካከለኛ 43 ዓመት ነበር፤ ይህም ልጆች ገና ከጉልበቷ ያልራቁባት እናት ዕድሜ ነው። በአገራችን በሴቶች ላይ ከሚገኙት የነቀርሳ ዐይነቶች ሁሉ የሚበዛው ይኸው የጡት ነቀርሳ ሲሆን፤ በዓለም በ2022 ብቻ 2.3 ሚሊዮን ሴቶች ተይዘውበት 670,000 ሰዎች ሞተውበታል።

ከደረጃው ቀጥሎ የነቀርሳው ጠባይ ይታያል። አንዳንዱ ነቀርሳ በሴት ሆርሞን የሚመገብ ነው፤ ለእንዲህ ያለው ታሞክሲፈን የተባለው በአፍ የሚዋጥ ክኒን ትልቅ እርዳታ ይሰጣል። አንዳንዱ ደግሞ ይህ ጠባይ የለውም፤ አካሄዱም ፈጣን ነው። በዚህ በፈጣኑ ዐይነት ላይ ሐኪሞች ከደሙ ይልቅ ከእብጠቱ በተቈረጠው ሥጋ ውስጥ ስንት ሊምፎሳይት እንደ ገባ ይመለከታሉ፤ ብዙ የገቡበት እብጠት መጨረሻው የተሻለ ሆኖ ተገኝቷልና። ነቀርሳ የሊምፎሳይቶችን እጅ የሚያስርበትን ማሰሪያ ያገኙት አሜሪካዊው አሊሰንና ጃፓናዊው ሆንጆ በ2018 የኖቤልን ሽልማት ተቀብለዋል። ማሰሪያውን ከሚፈቱት መድኃኒቶች አንዱም በ2021 ገና ላልተዛመተ ፈጣን የጡት ነቀርሳ በአሜሪካ ተፈቅዷል። ይህ መድኃኒት ዋጋው እጅግ የከበደ ነው፤ ቢሆንም የሰውነት ጠባቂዎች ሥራ ለምን እንደሚመረመር ያስረዳናል።

አሁን ደግሞ በሕክምና ላይ ላለች ሴት የሚሆን አንድ ከባድ ማስጠንቀቂያ እንጨምራለን። ኬሞቴራፒ የሚባለው መድኃኒት የነቀርሳውን ሕዋስ ሲገድል ነጮቹን የደም ሕዋሳትም ለጊዜው ይቀንሳቸዋል። ሐኪሙ በየዙሩ ደሟን የሚያስቈጥረው ስለዚህ ነው። በእንዲህ ያለ ሰሞን ትኩሳቷ 38 ዲግሪ ከደረሰ፤ ጠባቂ የሌለው ቤት ሌባ ገብቶበት ይሆናልና፤ ያንኑ ቀን፤ ሌሊትም ቢሆን፤ ወደ ሐኪም መሄድ አለባት። በቆላ አገር ግን ትኩሳት ሁሉ ወባ ይመስላል፤ ጎረቤቱም «ወባ ነው፤ ላብ ሲያልብሽ ይለቅሻል» ይላታል። ወባ ሊሆን ይችላል፤ ሌላም ሊሆን ይችላል፤ የሚለየው የሐኪም ምርመራ እንጂ የጎረቤት ግምት አይደለም። በሄደችበትም የነቀርሳ መድኃኒት እንደምትወስድ አስቀድማ ትናገር።

ይህን ሁሉ ካነበቡ በኋላ «እንግዲህ ምን እናድርግ?» ለሚሉን እመቤቶችና ባሎቻቸው የሚከተለውን ምክር እንሰጣለን።

አንደኛ፤ ማናቸዋም ሴት ጡቷን ማወቅ ይገባታል። የወር አበባዋ ካለፈ ጥቂት ቀን በኋላ ገላዋን ስትታጠብ ጡቷንና ብብቷን በጣቶቿ መዳፍ ቀስ ብላ ትዳስስ። ከዚህ ቀደም ያልነበረ ጓጓላ፤ ወደ ውስጥ የገባ የጡት ጫፍ፤ ከጡት ጫፍ የሚወጣ ደም፤ እንደ ብርቱካን ልጣጭ የተቦረቦረ ቆዳ፤ ወይም አልድን ያለ ቁስል ብታገኝ ለሐኪም ታሳይ። አብዛኛው የጡት እብጠት ነቀርሳ አይደለምና አትደንግጥ፤ አለመሆኑን የሚያውቀው ግን የመረመረው ብቻ ነው።

ሁለተኛ፤ ሕመም የለውም ብላ አትዘናጋ። የጡት ነቀርሳ በመጀመሪያው ጊዜ ብዙውን ጊዜ አያምም፤ ሰውን የሚያታልለውም በዚሁ ነው።

ሦስተኛ፤ ጸበል የምትሄደው ጸበሏን፤ ዱዓ የምታስደርገውም ዱዓዋን ትተው አንልም፤ ሐኪሙን ግን ከዚያ በኋላ አታድርገው። የዓለም የጤና ድርጅት በ2021 ባወጣው ዕቅድ ሴቲቱ ሕመሟን ይዛ ከቀረበችበት ቀን ጀምሮ በ60 ቀን ውስጥ በሽታዋ ተለይቶ እንዲታወቅ ይመክራል። ስድሳ ቀን ማለት ከሁለት ወር አይበልጥም፤ ከዚህ ውስጥ አንዱንም ቀን በቤት ልናባክነው አይገባም።

አራተኛ፤ ይህ ለባሎች ነው። ከሸዋ ሮቢት ጤና ጣቢያ ወደ ደብረ ብርሃን፤ ካስፈለገም እስከ አዲስ አበባ መሄድ ገንዘብና ጊዜ ይጠይቃል። ሚስት ብዙ ጊዜ ዝም የምትለው ሕመሟን ሳታውቅ ቀርታ ሳይሆን፤ የመንገዱን ወጪ ከልጆቿ አፍ የምትነጥቅ መስሏት ነው። ስለዚህ «ሂጂ፤ እኔም አብሬሽ እሄዳለሁ» የሚለው ቃል አስቀድሞ ከባል አፍ መውጣት ይገባዋል። ማሾው ከመሸጡ በፊት ሳይሆን ከተሸጠ በኋላ እንሄዳለን ማለት፤ ከሁለተኛው ደረጃ ወደ ሦስተኛው መሻገር ሊሆን ይችላል።

አምስተኛ፤ የደም ቈጠራ ወረቀት በእጃችሁ የገባ እንደ ሆነ፤ ቍጥሩ ከፍ አለ ብላችሁ ተስፋ አትቍረጡ፤ ዝቅ አለ ብላችሁም ሕክምናውን አታቋርጡ። ደም ከብዙ ምስክሮች አንዱ ምስክር ነው፤ ዳኛ አይደለም። ምስክርነቱንም የሚሰማው፤ ከደረጃው፤ ከእብጠቱ ጠባይና ከሕመምተኛይቱ አቋም ጋር አስተያይቶ የሚፈርደው ሐኪሙ ነው።

አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ብለዋል፤ ደግሞም «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ብለዋል። የደም ሊቃውንት ገና ብዙ ነገር ይገልጡልናል፤ መስመሩም ለአገራችን ሴቶች በሚሆን ልክ የሚሰመርበት ቀን ይመጣል ብለን ተስፋ እናደርጋለን። እስከዚያ ድረስ ግን የጡትን እብጠት በጊዜው ማሳየት ሊቅ መሆንን አይጠይቅም። ይህን ገጽ ማንበብ የምትችል ልጅ ማንበብ ለማትችለው እናቷ፤ ለአክስቷና ለጎረቤቷ ዛሬ ማታ ታንብብላቸው፤ የጽሑፋችንም ድካም ዋጋውን ያገኛል።